አራት መቶ ሃያ ግራም

ሬሳው ከመስታወቱ በዚያ በኩል ነበር፤ መርማሪዋ በዚህ በኩል። በመካከላቸው ሁለት ጣት የሚወፍር መስታወት፣ አንድ የብረት በርና ሰባት መቶ አሥራ አንድ ቀን የተጠራቀመ እልህ ነበር።

ቤቱ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል። ጣሪያውና የላይኛው ግድግዳ መስታወት፣ መሠረቱና የታችኛው ግንብ ኮንክሪት ነው። ውስጡ ማሳ፣ የዓሣ ኩሬ፣ ጢሻና አራት መኝታ ክፍል አለ። ከውጭ የሚገባው የፀሐይ ብርሃንና ኤሌክትሪክ ብቻ ነው፤ ከውስጥ ምንም አይወጣም። አየሩን ቅጠሉ ያድሳል፣ ውሃውን ጭቃው ያጣራል፣ የተበላው ተመልሶ አፈር ይሆናል። ምድር እንዴት እንደምትኖር ለማወቅ ትንሽ ምድር ሠርቶ መዝጋት ነው፣ ሐሳቡ ይኸው ነው። አራት ሰዎች በሩን ሳይከፍቱ ሁለት ዓመት ከኖሩ ሥራው ተሳካ ይባላል። አንድ ቀን ቀድሞ ከተከፈተ ግን ድካሙን ሁሉ ውሃ በላው። የቀረው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር።

የሞተው ሰው ሚዛን ይባል ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ የቤቱ ሰዎች የለጠፉበት ነው። ቅጠሉንም፣ እህሉንም፣ ዓሣውንም፣ በየጠዋቱ ሰዎቹን ራሳቸውንም ይመዝን ነበር። ሰው ሲርበው የሚመዝነውን ሰው አይወድም። ሚዛንንም ማንም አልወደደውም፤ አሁን ሞቶ ሳለ እንኳ ለወጉ ያህል የወደደው አልተገኘም።

መርማሪዋን መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ወንፊት ይሏታል። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ሰው ሲናገር አታቋርጥም፤ ሲጨርስ ግን የተናገረው በግርድና በዱቄት ተለይቶ ይጠብቀዋል። አለቃዋ ጠዋት በስልክ ያዘዛት አጭር ነበር።

«ሞቱ የተፈጥሮ ከሆነ በሩ አይነካም። ግድያ ከሆነ ብረት ቆራጮቹን እልክልሻለሁ። ግን ስም ይዘሽ ደውዪልኝ። በጥርጣሬ ብቻ ይህን በር አስቆርጬ የዓለም መሳቂያ አልሆንም። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ አለሽ።»

ከበሩ አጠገብ ያለችው ክፍል የዘበኛው ናት። በጠረጴዛው ላይ ሁለት መዝገብ አለ፤ አንዱ «የገባ»፣ ሌላው «የወጣ» ይላል። ሁለቱም በየቀኑ ቀን ተጽፎባቸው «የለም» የሚል ብቻ ነው ያለባቸው። ግድግዳው ላይ ደግሞ በመርፌ እየተጫረ ቀስ ብሎ የሚዞር ጥቅል ወረቀት አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«የቤቱ ትንፋሽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ዘበኛው። «ውስጥ ያለው የተቃጠለ አየር ሲበዛ መርፌው ይወጣል፣ ሲያንስ ይወርዳል። እኔ ቀለሙን እሞላለሁ እንጂ አላነበውም። የሚያነበው ሚዛን ነበር፤ በሳምንት አንዴ በመስታወቱ አሳየዋለሁ። ሌሎቹ መኖሩንም የረሱት ይመስለኛል።»

«አንተ ግን ሁለት ዓመት ስታየው ኖረሃል።»

«ሌላ ምን ልይ? ጎብኚ ቀርቷል፤ እነሱ እንደሆኑ መሰዳደብ ነው ሥራቸው።»

በመስታወቱ ግራና ቀኝ ስልክ አለ። መጀመሪያ የመጡት ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ ቤቱን ያሰቡት፣ የሠሩትና የዘጉት እሳቸው ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ በሁለት ዱላ ይሄዳሉ፤ ከስተው ጉንጫቸው ሰርጉዷል። ሚዛን አማቻቸው ነበር፤ የሚዛን ሚስት፣ የቤቱ ሐኪም፣ ልጃቸው ነች።

«በሩን ልትከፍቺ ነው?» አሏት፣ ሰላምታ ሳይሰጡ።

«ያጽናዎት፣ አባቴ።»

«ጽናት አለኝ። የሌለኝ ጊዜ ነው። ልቡ ነው ያለችው ሐኪሟ፤ ሐኪሟ ካለች አለቀ። እዚሁ ማሳው ዳር እንቀብረዋለን። ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሰው ከዚህ ቤት ቢወጣ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል።»

«አማችዎ እኮ ነው።»

«አማቼ ነው። አፈር ይሁንልኝና ሥራውን ይቀጥል።»

መርማሪዋ ብዙ ክፉ አፍ ሰምታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን አልሰማችም። መልሳ ጠየቀች።

«ትናንት ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ማን አለሽ? ያ የማሳው ገበሬ? ደብቀነው አናውቅም። ኦክስጅን እየጠፋብን ነው። ሲዘጋ ከመቶ ሃያ አንድ እጅ ነበር፤ አሁን አሥራ አራት ተኩል ገብቷል። ደረጃ ስንወጣ እንደ አሮጌ ውሻ እናለከልካለን። ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም። ሚዛን በመጀመሪያ ገበሬውን ሌባ አደረገው፤ ተደብቆ አፈር ይገለብጣል፣ አፈሩ አየሩን ይበላል አለ። ትናንት ራት ላይ ደግሞ ‹ነገ ጠዋት በሩን እከፍታለሁ› አለ።»

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«‹ሬሳዬን ተራምደህ› አልኩት።»

«የተራመደ የለም» አለች መርማሪዋ፤ «ሬሳው ግን አለ።» ሽማግሌው ስልኩን ዘጉት።

ሐኪሟ መጣች። ፀጉሯን አጥብቃ አስራለች፤ ነጭ ካፖርቷ ንጹሕ ነው፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። መቀመጫ ሳትስብ ቆማ ማውራት ጀመረች።

«ልቡ ነው። አየሩ ሳስቷል፤ በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ወርዶ ሙቀት ያነባል። መሰላሉ ግርጌ ሲደርስ ልቡ ቆመ። ሌላ ምን ልንገርዎት?»

«የልብ ሕመም ነበረበት?»

«እዚህ ውስጥ ጤነኛ ልብ ያለው ማን አለ?»

«ማታ እርስዎ ምን ሲሠሩ ነበር?»

«የዘወትሬን። ራት በላን፣ ተጣላን፣ አባባን አስተኛሁ፣ ለገበሬው የሕመም ማስታገሻ ሰጠሁት፣ ወጥ ቤት ገብቼ የነገውን አዘጋጀሁ፣ ተኛሁ።»

«ወጥ ቤቱ የእርስዎ ሥራ ነው?»

«በተራ ነው። የዚህ ሳምንት ተራ የገበሬው ነበር። ከሚዛን ጋር ተጋፍተው እጁን የመመዘኛው ብረት ቆረጠው፤ እኔው ሰፋሁት፣ እኔው ተራውን ወሰድኩለት። ሦስት ቀኔ ነው። ዛሬ እንኳ ባሌን የማለቅስበት ጊዜ የለኝም፤ ምሳ ይጠብቀኛል።»

«ባልዎ መቼ ተኛ?»

«አላውቅም። መመዘኛው ክፍል ውስጥ ነበር። ተኝቼ ስለነበር ሲመጣ አልሰማሁትም።»

ሦስተኛው ገበሬው ነው፤ የማሳው ኃላፊ። ትከሻው ሰፊ ነው፤ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። ስልኩን እንደ ጠላት አንገት ጨብጦ ያዘው።

«ገደልኩት ብለው ነው የነገሩሽ?»

«ገድለኸዋል?»

«በቀን ሦስቴ ልገድለው ያምረኝ ነበር። ሌባ ብሎኛል። አባቴ የሰው ክምር ነክቶ አያውቅም፤ እኔን አየር ሰረቅህ አለኝ። አየር። ሰው አየር ሰርቆ የት ያደርገዋል? ግን እኔ ስገድል ፊት ለፊት ነው፣ ሰው እያየኝ። ጉድጓድ ውስጥ መግደል የኔ አመል አይደለም።»

«ያገኘኸው አንተ ነህ።»

«አዎ። ጠዋት ለመመዘን ተሰለፍን፤ መዛኙ ጠፋ። ጉድጓዱ ድረስ ሄጄ ከላይ ሳይ ታች በፊቱ ተደፍቷል። ብጠላውም ሰው ነው፣ ወረድኩ። ሦስት መወጣጫ እንደወረድኩ ራሴ ዞረብኝ፣ ጆሮዬ ጮኸ። ነፍሴን ይዤ ወጣሁና እሷን ጠራኋት።»

«መጣች?»

ገበሬው ወደ ኋላው ዞሮ አየና ድምፁን ቀነሰ። «መጣች። በደረጃው ሥር በኩል ዞራ መጣች። ከዚያ ከአፋፉ ላይ ቆመች። ‹አትውረድ፣ እጅህ ተጎድቷል› አለችኝ። ባሏ እታች ወድቆ እሷ ከላይ ሰዓቷን ታያለች። አሥር ደቂቃ ያህል ቆመች። ከዚያ ወረደች። እኔ ሚስት የለኝም፤ ሚስት ማለት ይህ ከሆነ ይቅርብኝ።»

«ደረጃው ሥር ምን አለ?»

«ማብሪያ ማጥፊያዎቹ።»

«የጉድጓዱ ማራገቢያስ?»

«እሱም እዚያ ነው። ብስባሹ እኮ ይተነፍሳል። የሚያወጣው የተቃጠለ አየር ከባድ ነው፣ እንደ ውሃ እታች ይተኛል። ስለዚህ በየሰዓቱ መባቻ አሥር ደቂቃ ማራገቢያው ይሠራል፣ ክፉውን አየር ወደ ማሳው ይረጨዋል፣ ቅጠሉም ይበላዋል። ራሱ ነው የሚነሳው፤ ማንም አይነካውም። መኝታ ክፍል ድረስ አይሰማም።»

መርማሪዋ ወደ ዘበኛው ክፍል ተመለሰች። ጥቅል ወረቀቱን ወደ ኋላ እየተረተረች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ መነጽሯን አደረገች። መሥመሩ በየሰዓቱ መባቻ ትንሽ ጉብ ይላል፤ እንደ መጋዝ ጥርስ።

«ይህ ጥርስ የማራገቢያው ነው?»

«ይመስለኛል። ሁሌም አለ።»

«ሁሌም የለም» አለች። ጣቷ ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ መሥመሩ ለስላሳ ነው፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ሰዓት፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድም ጥርስ የለም። ከዚያ አንድ ትልቅ ጥርስ አለ፤ እሱም በመባቻው አይደለም፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው።

«መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«ኧረ አልጠፋም። ሬዲዮዬ ስትለፈልፍ ነው ያደረችው።»

«ማራገቢያ ብልሽት ሲገጥመው ይቆማል» አለች መርማሪዋ፤ «ተበላሽቶ ራሱን ሲጠግን ግን አላየሁም።»

እንግዲህ ግድያ ነው። የማን? ማብሪያ ማጥፊያው ለሦስቱም ክፍት ነው። ሦስቱም ምክንያት አላቸው፤ አንዱ የተሰደበ፣ ሁለቱ በሩ እንዳይከፈት የሚሹ። አሁን በሩን ብታስቆርጥ ሦስቱ እርስ በርስ ጣት ይጠቋቆማሉ፤ ሥራውም በከንቱ ይፈርሳል፤ ገዳዩም በጥርጣሬ ጥላ ሥር ተደብቆ ይቀራል። አለቃዋ ስም ነው ያላት። ስልኩን ከፍ አድርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

ስድስት ሰዓት ላይ ዘበኛው በርጩማ ሰጣትና ወጥ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ድሮ ጎብኚ እንዲያያቸው ብለው ወጥ ቤቱን ከመስታወቱ ጋር ሠርተውታል፤ እንደ አራዊት ማቆያ። ሦስቱ ሲበሉ ተመለከተች።  ከምድጃው በላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በጠመኔ «ባቄላ 420» ተጽፎበታል። ከሰሌዳው ጎን በቀለም የተጻፈ ሠንጠረዥ አለ፤ የእያንዳንዱ ሰው የደረቅ እህል ድርሻ በግራም፤ ገበሬው 170፣ ሚዛን 150፣ ሐኪሟ 130፣ ፕሮፌሰሩ 120።

ገበሬው ድስቱን አዘንብሎ በማንኪያ ፋቀው፤ ምንም አላገኘም። ተነሥቶ ስልኩ ዘንድ መጣ፣ አፉን እየጠረገ።

«ምሳሽን በላሽ ወይስ የኛን ስታዪ ጠገብሽ? እዚህ ቤት የሟች ድርሻ እንኳ አይተርፍም።»

«ባቄላው የተዘፈዘፈው መቼ ነው?» አለች መርማሪዋ። ድምፏ ድንገት ለስልሶ ነበር።

«ማታ ነዋ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ካልተዘፈዘፈ መቼ ይበስላል? የዘፈዘፈው ሰው የመዘነውን ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ጠዋት ሚዛን ወደ መዝገቡ ይገለብጥና ሰሌዳውን ያጠፋዋል። ከሱ በቀር ማንም አይነካውም። ዛሬ ማን ይገልብጠው?»

«ሚዛን የሚሠራበት መመዘኛው ክፍል ግባና ማስታወሻ ደብተሩን አምጣልኝ። ለማንም ሳታሳይ። የመጨረሻውን ገጽ መስታወቱ ላይ ለጥፈው።»

አመጣው። የተጻፈው በትንንሽ ፊደል ነበር። መርማሪዋ አንዴ አነበበችው፤ መነጽሯን ጠርጋ ደግማ አነበበችው። ገበሬው ከጀርባ በኩል ስለያዘው ምን እንደሚል አላየም።

«ዝጋውና ላዩ ላይ ተቀመጥ» አለችው፤ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁላችሁም እዚህ እንድትሰበሰቡ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱ ከመስታወቱ ማዶ በሦስት ወንበር ተቀመጡ፤ ወንበሮቹን እንዳይነካኩ አራርቀው። ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት። ፀሐይዋ ቅጠሉ ላይ ጋደል ብላለች። ፕሮፌሰሩ ቀድመው ተናገሩ።

«ቶሎ በይ። መተንፈስ እዚህ ውድ ነው።»

«ቶሎ እላለሁ። ሚዛን በልብ አልሞተም። የጉድጓዱ ማራገቢያ ትናንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተዘግቷል። ሌሊቱን ሙሉ ክፉው አየር ጉድጓዱን ሞላው። ሚዛን እንደ ልማዱ ጠዋት ወረደ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነፈሰ፤ አበቃ።»

«ይህ ግምት ነው» አለች ሐኪሟ።

«የዘበኛው ወረቀት ነው። ከናንተ ውስጥ መኖሩን ያስታወሰ የለም። ማራገቢያው ተመልሶ የተነሳው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ነው፣ በሰው እጅ። ገበሬው፣ ዶክተሯን የጠራሃት መቼ ነው?»

«አንድ ሰዓት ገደማ።»

«የመጣችው በየት በኩል?»

«በደረጃው ሥር» አለ ገበሬው፤ ቀስ ብሎም ወደ ሐኪሟ ዞረ።

«ከዚያ አሥር ደቂቃ ቆመች፣ ሰዓቷን እያየች። የማራገቢያው ሥራ አሥር ደቂቃ ነው። ባሏ በልብ ወድቋል ብላ የምታምን ሐኪም ትሮጣለች። የቆመችው አየሩ እንደሚገድል ስለምታውቅ ነው።»

«ደንግጬ ነው የቆምኩት!» አለች ሐኪሟ። «ሰው ሲደነግጥ ይደርቃል። በዚህ ሰው ይከሰሳል?»

«አይከሰስም። ለዚህ ነው እስከ ምሳ የጠበቅኩት።» መርማሪዋ በጣቷ ወደ ወጥ ቤቱ አመለከተች። «እኔ ቤት ለስድስት ሰው ሠላሳ ዓመት ድስት ጥጃለሁ። ሰው ሲቀርብኝ ይተርፋል። የሚቀረው ሰው መቅረቱን ቀድሜ ካላወቅኩ በቀር ሁሌም ይተርፋል። እናንተ ዘንድ ዛሬ አንድ ሰው ጎደለ፤ ድስቱ ግን ተፍቆ አለቀ። ሰሌዳው ላይ አራት መቶ ሃያ ይላል። የአራታችሁ ድርሻ ሲደመር አምስት መቶ ሰባ ነው። መቶ ሃምሳ ጎደለ። መቶ ሃምሳ የማን ድርሻ ነው?»

 ሠንጠረዡ ከጀርባቸው ነበር፤ ዞሮ ማየት ያስፈለገው የለም፤ ሁለት ዓመት በልተውበታል።

«ባቄላው የተዘፈዘፈው ማታ ነው። ሚዛን በሕይወት ነበር። የዘፈዘፈው ሰው ግን ሚዛን ነገ ምሳ እንደማይበላ ያውቅ ነበር።»

«እኔ ልቀርበት ነበር» አለች ሐኪሟ ፈጠን ብላ። «አልራበኝም ነበር፤ የራሴን ነው የቀነስኩት።»

«የእርስዎ መቶ ሠላሳ ነው። የራስዎን ቢቀንሱ አራት መቶ አርባ ይሆን ነበር።»

«እንግዲያው እሱ ነው አልበላም ያለኝ። አሁን ትዝ አለኝ። ‹ነገ በሩን ከፍቼ እወጣለሁ፣ የናንተን ባቄላ አልፈልግም› አለኝ።»

መርማሪዋ ወደ ገበሬው አየች። «ደብተሩን ለፕሮፌሰሩ ስጣቸው። የመጨረሻውን ገጽ ያንብቡልን፣ አባቴ። ጮክ ብለው።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያደርጉ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው። ከዚያ ደረቅ በሆነ የመምህር ድምፅ ማንበብ ጀመሩ።

«‹ከሌሊቱ አምስት ሰዓት። ሌባው ተገኘ። ከባዶው ግንብ ፍቄ ኮምጣጤ ጠብ ሳደርግበት ፈላ፤ አየር ከማይነካው፣ ሰድር ከለበሰው ግንብ ፍቄ ሳደርግበት ዝም አለ። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት ኦክስጅኑን ይተነፍሳሉ፤ የሚያወጡትን የተቃጠለ አየር ግን ቅጠሉ ሳይደርስበት ግንቡ እየመጠጠ ድንጋይ ያደርገዋል። ስለዚህ ነው የማይመለሰው። ማንም አልሰረቀም። በሩ አይከፈትም፤ አያስፈልግም። ግንቡን ባለን ሰም ከቀባነው መጥፋቱ ያቆማል፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዘልቃለን። አባባ ትክክል ነበር፤ ይህች ቤት ማንም ያላወቀውን አስተማረችን።›»

ሽማግሌው እዚህ ላይ ቆሙ። ድምፃቸው የመምህር መሆኑ ቀርቶ ነበር።

«ይቀጥሉ» አለች መርማሪዋ።

«‹ገበሬውን በሐሰት ሌባ አልኩት። ነገ ባቄላ ነው፤ ድርሻዬን በሙሉ ለሱ ሰጥቼ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ከሁሉ በፊት ለሷ ልነግራት ሄጄ ነበር፤ ተኝታለች። ሁለት ዓመት ደክማለችና አልቀሰቅሳትም። ጠዋት ትስማው።›»

ገበሬው የታሰረ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ያ ትከሻ ሰፊ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሳደብ የዋለው፣ አቀረቀረ። የጠላው ሰው ምሳውን ሊሰጠው አስቦ እንደሞተ ማወቅ ከስድቡ ይልቅ ከበደው።

«ስለዚህ አልበላም አላለም» አለች መርማሪዋ። «የሚሰጠው ድርሻ ይኖረኛል ብሎ ነው የተኛው። ሊነግርዎ መጥቶም ነበር።»

ሐኪሟ አባቷ እጅ ላይ ያለውን ደብተር ታየዋለች። አሁን ነው ያለቀሰችው፤ ድምፅ ሳታሰማ።

«አልተኛሁም ነበር» አለች። «ከአልጋው አጠገብ መጥቶ ቆመ። ስሜን ጠራ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ሳረዝም ቆየሁ። ማራገቢያውን ዘግቼው ነበር። ዓይኔን ብገልጥ ሄጄ እንደማበራው አውቅ ነበር።»

«ለምን?» አሉ ፕሮፌሰሩ። በቀኑ ውስጥ ልጃቸውን የጠየቁት የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ማዘዝ ብቻ ነበር የሚያውቁት።

«ለምን ትለኛለህ፣ አባባ? እናቴ ስትሞት አንተ እዚህ መስታወት ስታስገጥም ነበርክ። አልመጣህም። ለቀብሯም አልመጣህም። ሃያ ሁለት ዓመት ‹ይህ ሲሳካ ሁሉም ይካሳል› አልከኝ፤ አመንኩህ። በሩ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ቢከፈት እናቴ በከንቱ ብቻዋን ሞተች ማለት ነው። ያንን መሸከም አልቻልኩም።»

«ባቄላውንስ?» አለ ገበሬው። «ባቄላውን እንኳ አራት አድርገሽ ብትዘፈዝፊው ማን ያውቅብሽ ነበር?»

ሐኪሟ እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፣ የሌላ ሰው እጅ የሆኑ ይመስል። «መመዘኔን እንኳ አላስታውስም። የማይበላ ሰው ድርሻ መዘፍዘፍ ብክነት ነው። እጄ አልታዘዘኝም።»

 መርማሪዋ ስም አግኝታለች፤ ደስ አላላትም። ከፊቷ ያለችው ሴት የልጇ እኩያ ነበረች።

«አባቴ» አለች፤ «ብረት ቆራጮቹን ልጥራ? ወይስ ከውስጥ ይከፍቱታል?»

«አባባ፣ አትክፈት» አለች ልጅቷ። «እዚሁ ልታሰር። በክፍሌ ቆልፉብኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። ግንቡን ቀቡት። ከዚያ በኋላ ይውሰዱኝ።»

ሽማግሌው ደብተሩን ዘግተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ሁለቱን ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጠዋት ስለ አማቻቸው የተናገሩት ፊታቸው ላይ ተጽፎ ሰው የሚያነበው ይመስል ማንንም ቀና ብለው አላዩም። በሩ ድረስ ያለውን ሠላሳ እርምጃ ለመሄድ ሦስት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ። ገበሬው ሊያግዛቸው ተጠጋ፤ በክንዳቸው ገፉት። የብረቱን ጎማ በሁለት እጃቸው ያዙና ዱላዎቻቸውን ጣሏቸው።

«ለእናትሽ መክፈት ነበረብኝ» አሉ፣ ጀርባቸውን ለልጃቸው እንደሰጡ።

ጎማው ጮኸ። በሩ ሲላቀቅ የውጭው አየር ፉጨት እያሰማ ገባ፤ ከሰባት መቶ አሥራ አንድ ቀን በኋላ ቅጠሎቹ በነፋስ ተንቀሳቀሱ። ዘበኛው ክፍል ውስጥ መርፌው ወርዶ ከወረቀቱ ወጣና ግድግዳውን ይጭር ጀመር።

ገበሬው ወደ ጉድጓዱ ዳር ተመልሶ ሚዛንን በአንድ እጁና በትከሻው ተሸክሞት መጣ። ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም። ከኋላው መርማሪዋ ሐኪሟን ክንዷን ይዛ አወጣቻት፤ ካቴናውን ቦርሳዋ ውስጥ ተወችው። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀራል፤ ለአለቃዋ ገና አልደወለችም።

ዘበኛው «የወጣ» የሚለውን መዝገብ ከፍቶ ብዕሩን ይዞ ቆሟል። ሁለት ዓመት ሙሉ «የለም» ብቻ ሲጽፍ ስለኖረ ምን እንደሚል ጠፋው።

«ጌታዬ» አለ ሽማግሌውን፤ «ምን ብዬ ልጻፍ?»

ፕሮፌሰሩ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብለዋል። አንድ እግራቸው ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ ነው።

«ሁለት ልጆቼ ብለህ ጻፍ» አሉት።